ለወንድምህ ያለበስከው ልብስ

ለአለኸኝ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ደብዳቤ ሲጀመር «እንደምን ሰንብተሃል» ይባላል፤ እንደምን እንደሰነበትክ አንተው ታውቀዋለህ፣ እኔ አልጠይቅህም። «አፈሩ ይቅለልህ» ብዬ ልጀምር ብልም እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሃያ ዓመት «አንቱ» ስልህ ኖሬአለሁ፤ ስትጠራኝ «አቤት ጌታዬ» ብዬ ከጓዳ ወጥቻለሁ። ዛሬ ግን አንተ እልሃለሁ። ብትቆጣም ከዚያው ሆነህ ነው።

የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። አባቴ መሪጌታ ከወንድሞቼ ጋር አስቀምጦ ፊደል እንዳስቆጠረኝ ስነግርህ፣ ገና ባገባኸኝ ሰሞን፣ «ለሴት ፊደል ምን ይሠራላታል? ሊጥ ላይ ልትጽፍበት ነው?» ብለህ ሰው አስቀህብኝ ነበር። ይኸው ሥራ ተገኘለት።

ሰዎች «ሙት ወቃሽ አትሁኚ» ይሉኛል። እኔም በሰው ለቅሶ ላይ ይህንኑ እያልኩ ስንቱን ዝም አሰኝቻለሁ። አንተ ግን በሕይወት ሳለህ የሚያስወቅስህን ነገር ደብቀኸኝ ነው የሞትከው። ታዲያ መቼ ልውቀስህ?

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ክረምቱ ከብዶብን ነበር፤ የጓዳው ክዳን በሐምሌ አፍስሶ የገብሱ ጎታ ከሥሩ ሻገተ። አዲሱ ገብስ ግን መልካም ነው። የጓሮው ቀርከሃ አጥሩን ገፍቶ መንገድ ላይ ወጥቷል፤ የሚቆርጠው አጣሁ። ቦራው ፈረስህ ከቀብርህ ቀን ጀምሮ ማንንም አላስወጣም ብሎ ከርሞ አሁን ለልጃችን ለስሜነህ ተገራ። ልጅህ እንጅባራ ማስተማሩን ቀጥሏል። የዳንግላዋን ልጅ አጭተንለት እንደነበር መቼም አትረሳውም። አባቷ «የአርበኛ ልጅ ነው» ብሎ እንጂ ሌላ ምን አይቶብን ነው እሺ ያለን። ወደዚያ ነገር እመጣለሁ። ሌላው የተለወጠ ነገር፣ ከግድግዳው ላይ ፎቶህ ወርዷል። ማለቴ፣ ፎቶዬ ነው ስትለን የኖርከው።

ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ነው አንተ የመጣኸው። ያኔ ገና ልጃገረድ ነበርኩ፤ አመጣጥህን ግን አገር ያወራው ስለነበር አውቀዋለሁ። አንተና ታላቅ ወንድምህ ታከለ ከጦርነቱ በፊት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ከሲራራ ነጋዴ ጋር ወደ ሰሜን ሄዳችሁ ሁለታችሁም ወሬያችሁ ጠፍቶ ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ አንተ ብቻህን ተመለስክ፤ በትከሻህ ጠመንጃ፣ በደረት ኪስህ ሁለት ፎቶ ይዘህ።

በአንደኛው ላይ ጎፈሬው የተከመረ፣ ጺሙ ደረቱን የሸፈነ፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ ያጋደመ አርበኛ ተቀምጧል። «ይህ እኔ ነኝ፤ በጌምድር በረሃ አምስት ዓመት ስዋጋ ኖሬ ጎንደር ስገባ የተነሣሁት ነው» አልክ። በሁለተኛው ላይ ጺሙን የተላጨ፣ ነጭ የለበሰ፣ ትከሻው ላይ ሰፊ ጥቁር ጨርቅ የጣለ፣ ረጅም ቆብ የደፋ ጎልማሳ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። «ይህ ታከለ ነው፤ ለጣሊያን አድሮ ምጽዋ ላይ ሞተ» አልክ። ጎፈሬና ጺም የሸፈነው ፊት የማንም ሊሆን ይችላል። አንተና እሱ ደግሞ ከልጅነታችሁም ትመሳሰሉ ነበር አሉ። ማን ይከራከርህ?

እናትህ ብቻ ተከራከሩህ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ያንን የነጭ ለባሹን ፎቶ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው አዩት። እኛ የዚህ አገር ሰዎች ባሕር የሚባል አይተን አናውቅም፤ ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ውኃ ያለ አይመስለንም። እሳቸውም ትከሻው ላይ የወደቀውን ጨርቅ የዲያቆን ላንቃ፣ ራሱ ላይ ያለውን የመነኩሴ ቆብ አደረጉት። በአገውኛ «ይኼማ አለኸኝ ነው፤ መንነህ ኖሯል ልጄ?» ብለው ፎቶውን ሳሙት። ቤት ሙሉ ሰው ሳቀ። አንተም አብረህ ሳቅክና «እማዬ፣ ዓይንሽ ከድቶሻል» አልካቸው። ይህን ታሪክ በየድግሱ ስታወራው ሃያ ዓመት እየሳቅሁ ሰምቼሃለሁ። እናትህ ልብሱን ተሳሳቱ እንጂ ልጃቸውን አልተሳሳቱም።

ያን ቀን የሻረግም እዚያው ነበረች። የታከለ ሚስት። ፎቶዎቹ ግን እጇ አልደረሱም። ባሏ መሞቱን ስትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለለቅሶ ብትነሣ «ለባንዳ አይለቀስም» ብለህ አስቀመጥሃት። ልጅ አልወለደችለትም ነበርና ከቤቱም ከማሳውም ወጣች። ግምጃ ቤት ከተማ ወርዳ ጠላ እየጠመቀች ኖረች። አንተ ግን የአርበኛ ወንበር ተሰጠህ፣ ጭቃ ሹም ሆንክ፣ እኔን አገባህ።

እንግዲህ ወቃሽ ብሆንም ሐሰተኛ አልሆንም፤ ወድጄህ ነበር። የወደድኩህን ቀን እነግርሃለሁ። በተጋባን በሁለተኛው ወር ወደ እናቴ ቤት ስንሄድ ዘንገና ዳር ደረስን። እህቴ የውብዳር ልትቀበለን ወጥታ፣ እግሯን ልትታጠብ ጎንበስ ስትል ድንጋዩ ከዳትና ገባች። ያ ውኃ ዳር የለው፣ እግር የሚያቆም የለው፣ ወዲያው ገደል ነው። ወንዶቹ ሁሉ ገመድ፣ ቀርከሃ እያሉ ሲሯሯጡ አንተ ጋቢህን ጥለህ ዘለህ ገባህ። ጠልቀህ በፀጉሯ ይዘህ አወጣሃት። በዚህ አገር ዘንገና ውስጥ ገብቶ የወጣ ሰው አልታየም ነበር። ዋና የት እንደተማርክ ሲጠይቁህ «ዓባይን ጥይት እየዘነበብን ስንሻገር» አልክ። ሰዉ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እኔ ደግሞ እያለቀስኩ እግርህን ሳምኩ። የውብዳር ዛሬ የአራት ልጆች እናት ናት። ይህን ውለታህን አልክድም። ቢሆንም ያን ዋና ያስተማረህ ዓባይ አልነበረም።

የግራ ክንድህስ? ከእጅ አንጓህ ከፍ ብሎ፣ መዳፍ የሚያህል የተጨማደደ ጠባሳ ነበረህ። «የቦምብ ፍንጣሪ ነው» ብለኸናል። ክረምት ሲገባ ያሳክክህ ስለነበር ለስላሳ ቅቤ አቅልጬ እቀባልህ ነበር። በጠባሳው ጠርዝ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ነበረች። ምንድን ናት ብዬ ስጠይቅህ «ባሩዱ ነው፣ ሥጋ ውስጥ ቀርቶ» አልከኝ። እኔ ደግሞ አንገቴ ላይ ሦስት ድርብ ንቅሳት ያለኝ ሴት፣ በቆዳ ውስጥ የቀረ ንቅሳት ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ የማውቅ ሴት፣ አመንኩህ። ባልን ሲያምኑ ዓይንም አብሮ ይከደናል።

ያንን የነጭ ለባሹን ፎቶ በጨርቅ ጠቅልለህ ከሳጥን ሥር ታኖረው ነበር። እንግዳ ሲመጣ እያወጣህ «ይኸው፣ የእናቴ ልጅ ለጠላት ያደረው» ብለህ ትተነፍሳለህ፤ ሰዉም ያጽናናሃል። አንድ ጊዜ የሰውዬው ክንድ ላይ ጥቁር እድፍ አይቼ በእርጥብ ጨርቅ ልጠርገው ብል ከእጄ መነተፍከኝ። እንዳላበላሸው የፈራህ መስሎኝ ነበር። ለምን እንዳላቃጠልከው ስንት ቀን ሳስብ ከረምኩና አሁን ገባኝ፤ ዕድሜህን ሙሉ እንደዚያ አምሮብህ የተነሣኸው ሌላ ፎቶ የለህም።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር። የሻረግ በየዓመቱ መጥታ ለታከለ ተዝካር እንዲወጣለት ትለምንህ ነበር። ቄሶቹ አልከለከሏትም። ከልካዩ አንተ ነበርክ፤ ሰው የማይበላው ተዝካር ደግሞ ተዝካር አይደለም። ስሜነህ ሕፃን ሳለ፣ አንድ እሑድ፣ ሰንበቴ ላይ ተቀምጠን፣ አንድ እንስራ ጠላ ከግምጃ ቤት ድረስ በጀርባዋ አዝላ መጣች። «በታከለ ስም ቅመሱልኝ» አለች። ሰዎቹ ዋንጫ መቀበል ጀምረው ነበር። እኔ ነኝ «የባንዳ ጠላ በጉሮሮ አይወርድም» ያልኩት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ አንተ እንድትሰማኝና እንድትኮራብኝ። ሰዉ ዋንጫውን መሬት አስቀመጠ። እሷ እንስራውን አንሥታ አጥሩ ሥር ደፍታው ሄደች። አንተም ኮራህብኝ። ማታ ቤት ገብተን «አንቺስ የአርበኛ ሚስት ነሽ» አልከኝ። ይህንን ቃል እንደ ሽልማት ይዤው ስኖር፣ የአርበኛው ሚስት እሷ ነበረች።

ስትሞት አገር አለቀሰልህ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው፤ ያንተ ደግሞ ሰማይ ነካ። ሙት ዓመትህን ለማውጣት ከሰኔ ጀምሬ ተዘጋጀሁ። ገብሱ ተፈተገ፣ በጎቹ ተለዩ፣ ጌሾው ተገዛ። ዳሱ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ለማሠራት አስቤ ሁለቱንም ፎቶ ከሳጥንና ከግድግዳ አውርጄ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ፣ የጎረቤታችን የአቶ ደሴ ልጅ ውበቱ መጣ። ምጽዋ ባሕር ኃይል ገብቶ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ለዕረፍት መጥቶ ላንተ ነፍስ ይማር ሊለኝ ነው የገባው።

ፎቶውን ያሳየሁት በክፋት ነው። የባንዳውን ውርደት ከሚያውቅ ሰው አፍ ልስማ ብዬ። «እስቲ አንተ የባሕር ሰው ነህ፣ ይህ ምን የሚባል ልብስ ነው?» አልኩት። ብርሃን ወዳለበት ወስዶ አየውና ፈገግ አለ። ከቦርሳው የራሱን ፎቶ አውጥቶ ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። እናትህ ላንቃ ያሉት የባሕረኛ ኮሌታ ነው፤ የእሱም ልብስ ላይ እንደዚያው በትከሻና በጀርባ ወድቋል። ልዩነቱን በጣቱ አሳየኝ። በቀድሞው ኮሌታ ሁለት ማዕዘን ላይ ነጫጭ ኮከቦች አሉ፤ ይህ የጣሊያን ምልክት ነው፣ ወታደሮቹ ሁሉ በአንገታቸው ጫፍ ያደርጉት ነበር አለኝ። ቆብ ያልነው ታርቡሽ ነው፤ ጣሊያን በመርከቡ ላይ ያሳደራቸውን የእኛን ሰዎች ያስደፋቸው ነበር። ይህን ከየት እንዳወቀ ስጠይቀው፣ ያን ጊዜ ያገለገሉ ሽማግሌዎች ዛሬም ወደቡ ላይ እየሠሩ እንደሚኖሩ፣ እንዲህ ያለ ፎቶ እያወጡ እንደሚያሳዩት ነገረኝ። የሚያፍሩ አይመስሉም አለ፤ ለእንጀራቸው ሲሉ ገቡ፣ ጦርነቱ እዚያው ደረሰባቸው። ዋና ሳይችል ደግሞ መርከብ ላይ የሚወጣ የለም አለኝ።

ከዚያ ጣቱ ክንዱ ላይ ደረሰ። እድፉን ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልጠርገው ብዬ ነበር አልኩት።

«እድፍ አይደለም እትዬ ዘርፌ» አለኝ። «መልሕቅ ነው። ባሕረኞቹ በክንዳቸው ይነቀሱታል። እነዚያ ሽማግሌዎች ሁሉ አላቸው፤ ሲሞቱ ነው አብሯቸው የሚቀበረው።»

መልሕቅ የሚለውን ቃል ከመጽሐፍ ነው የማውቀው፤ መልኩን አይቼው አላውቅም። ፎቶውን ተቀብዬ አየሁ። አንድ ቀጥ ያለ እንጨት፣ ከሥሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የታጠፈ። የግራ ክንድ ነው። ከእጅ አንጓው ከፍ ብሎ ነው። እኔ ሃያ ክረምት ቅቤ የቀባሁበት ቦታ ነው። አክስቴ ከተማ ስትገባ የግንባሯን ንቅሳት በጋለ ብረት ፍቃው ነበርና ሰው ንቅሳቱን በእሳት ሲያጠፋ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፤ ቆዳው ይጨማደዳል፣ ብረቱ ያልደረሰበት ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ይቀራል። ውበቱ «ሰውዬው ማን ነው?» ሲለኝ በለመደ አፌ «የባለቤቴ ወንድም» አልኩት።

ስማኝ እንግዲህ። መርከበኛ በመሆንህ አይደለም የምጠላህ። የጣሊያንን መርከብ ወለል ስታጥብ ኖርኩ ብትለኝ ምናልባት እስቅብህ ነበር፤ ምናልባትም አለቅስልህ ነበር። አገሩ ሁሉ ያን ጊዜ አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ ሆኖ ያለፈበት ነው። ስንቱ አድሮ ተመልሶ፣ ንስሐ ገብቶ፣ እርሻውን አርሶ ኖሯል። አንተ ግን የራስህን ልብስ አውልቀህ ለሬሳ አለበስከው። የእሱን ገፈህ ለበስክ። ታከለን የት አገኘኸው? በተስቦ ተይዞ በእጅህ ላይ ሞተ? ወይስ ሞቶ ደርሰህ ጠመንጃውንና ፎቶውን አነሣህ? ይህን የሚነግረኝ የለም። አንድ እናት ባጠባችህ ወንድምህ ላይ እንዲህ ስታደርግ አንድ ቀን እንኳ ጉሮሮህን አላነቀህም? በየድግሱ ስትፎክር ሰምቼሃለሁ። በሞተ ሰው አፍ ነበር የምትፎክረው።

ስሜነህን አስጠርቼ ነገርኩት። መጀመሪያ አላመነኝም። በፎቶው ላይ ክንድህን አሳየሁት፤ እሱም ያንን ጠባሳ እየነካ ነው ያደገው። ከዚያ ፎቶው ይቃጠል አለ። እኔ አይሆንም፣ ያዘጋጀሁት ተዝካር ለታከለ ነው የሚወጣው፣ ስሙን በሰው ፊት እመልስለታለሁ አልኩት። የዳንግላዎቹን ነገር አነሣ፤ ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል፣ ይህ ከተሰማ ልጅቷን ይከለክሉኛል አለ። ልክ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ቆመና «እናቴ፣ አባቴን ቀብረናል። እኔን ደግሞ ከነነፍሴ አትቅበሪኝ» አለኝ። ይህን ቃል ከአንድ ልጄ አፍ ያሰማኸኝ አንተ ነህ። በሕይወት ብትኖር ኖሮ የዚያን ቀን ምን እንደማደርግህ አላውቅም።

ሙት ዓመቱ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። ወደ ነፍስ አባታችን ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸው። አዳምጠው ሲያበቁ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የክርስትና ስሙ ማን ነው አሉኝ። ተዝካር የሚጠራው በክርስትና ስም ነው፤ ታከለ ብለው እግዚአብሔር ፊት ሊያቆሙት አይችሉም። ያጠመቁት ቄስ ሞተዋል፣ እናትህ ሞተዋል፣ አንተ ሞተሃል። ቤቴ ውስጥ ሃያ ዓመት ስሙ በእርግማን ሲነሣ የኖረውን ሰው የክርስትና ስም አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበረች።

ሁለቱን ፎቶ በነጠላዬ ጠቅልዬ ግምጃ ቤት ወረድኩ። የሻረግ ጠላ ቤቷ ደጃፍ ላይ ጋን ስታጥብ አገኘኋት። አርጅታለች። አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች፤ ግቢም አላለችኝ፣ ቁጭ በይም አላለችኝ። ቆሜ ነገርኳት። ስለ ክንድህ፣ ስለ ኮሌታው፣ ስለ ኮከቡ፣ ስለ ሁሉም። እጇ ጋኑ ውስጥ እንዳለ ቆመ። ከዚያ የአርበኛውን ፎቶ ዘረጋሁላት።

በቀሚሷ እጇን አድርቃ ተቀበለችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን ፎቶ በቅርብ እንድታየው አልፈቀድንላትም ነበር፤ ቤታችን አትገባምና። እኔ ፊቱን የምታይ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አንገቱን ነው ያየችው፣ የእጀ ጠባቡን ክፈፍ። በጥፍሯ ጥልፉን ተከትላ ሄደችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች። «እዚህ ጋ ክሩ አልቆብኝ በሌላ ክር ነው የጨረስኩት» አለች። «ሊሄድ ሲል ነው የጠለፍኩለት፣ አቻኩሎኝ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ግድግዳሽ ላይ ሰቅለሽው ነበር አይደል? ሃያ ዓመት በደጅሽ ሳልፍ እሱን እያለፍኩ ነው የሄድኩት?»

እግሯ ላይ ወደቅሁ። ይቅር ይበሉኝ እትዬ አልኳት። እግሯን ቀስ ብላ ሰበሰበች፤ ሌላ ሰው እንደሚለው «ተነሺ» አላለችኝም።

«ስሙን እሰጥሻለሁ» አለችኝ። «የሱ ነውና። ይቅርታውን ግን አልሰጥሽም። እሱ የኔ ነው።»

የክርስትና ስሙ ገብረ ሕይወት ነው። አንተ ታውቀው ነበር። ፎቶውን ይዛ ገባች፤ እኔም መልሱልኝ አላልኳትም።

ሙት ዓመትህ ዕለት ዳሱ ሞላ። ከዳንግላ ሳይቀር የመጣ ነበር፤ የልጅቷም አባት መጥቶ ነበር። ጸሎቱ ከመጀመሩ በፊት ተነሥቼ ተናገርኩ። ሁሉንም ጨረስኩት። ፎቶህን ለሽማግሌዎቹ ሰጠሁ፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ውበቱ ቆሞ ልብሱን አስረዳ። ጠባሳህን ያላየ ሰው እዚያ ዳስ ውስጥ አልነበረም። አንዱ ሽማግሌ «በተዝካር ላይ ሴት መናገር የጀመረችበት ዘመን» ብሎ ተነሣ፣ አራት አምስት ሰው ተከትሎት ወጣ። የቀረው ግን ቀረ። ቄሱ ገብረ ሕይወት ብለው ሲጠሩ የሻረግ ከዳሱ ደጃፍ ገባች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። መሀል ቆማ፣ ያን ሁሉ ዘመን ያፈነችውን አወጣችው፤

«በረሃ ያደረው ቤቱ እንዳይገባ፣
ሃያ ዓመት ከለከሉኝ የገዛ ዕንባ።»

ሴቶቹ ተነሥተው ከበቧት። ተዝካሩ ለቅሶ ሆነ። በጉን የበላ ሰው ጥቂት ነው፤ ደረቱን ያልመታ ግን አላየሁም። እኔ ጥግ ቆሜ አለቀስኩ፤ መሀል ገብቼ ላለቅስ መብት የለኝም። ያንተ የክርስትና ስም አልተጠራም። እኔ ነኝ እንዳይጠራ ያልኩት።

ስሜነህ ምግቡ ሳይቀርብ ቦራውን ጭኖ ወጣ። እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የዳንግላው ሰው በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ልኮ ሰርጉ ይቆይ አለ። ይቆይ ያለው ለዘለቄታው ይሁን ለጊዜው አልነገረንም። እጠብቃለሁ። ልጄ በእኔ ቢፈርድ እቀበላለሁ፤ አንድ ቀን ግን ከነነፍሱ የቀበረው ማን እንደሆነ ያስባል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለልጅ ጥቂት ዘግይቶ ይነጋለት ይሆናል።

አሁን ግድግዳው ላይ የተሰቀልከው አንተ ነህ። ከነኮሌታህ፣ ከነኮከብህ፣ ከነታርቡሽህ። ሰው ገብቶ ይህ ልብስ ምንድን ነው ሲለኝ እነግረዋለሁ፤ ምጽዋ ላይ የጣሊያን ባሕረኛ የነበረ ባሌ ነው፣ እህቴን ከዘንገና ያወጣልኝ፣ ወንድሙን በሐሰት የቀበረ። ሦስቱንም እላለሁ። አንዱንም አልቀንስም።

አልረሳህም። ይህን ቃል እገባልሃለሁ፤ ልረሳህ ብፈልግ እንኳ አልችልም፣ ሃያ ዓመቴ በእጅህ ነው ያለው። የሰባት ዓመት ተዝካርህ ግን ገና ነው። እንዲወጣልህ ከፈለግህ ፈቃዱ እኔ ዘንድ አይደለም። ከየሻረግ ጋር ተነጋግረናል፤ እሷ እሺ ካለች ገብሱን እፈትጋለሁ፣ ስምህንም ለቄሱ እሰጣለሁ። እምቢ ካለች ሳትጠራ ትቀራለህ። ትናንት ጠየቅኋት። «ሃያ ዓመት ይጠብቅ» አለችኝ።

ዘርፌ